የጁምዓ ማስታወሻ፦ ግንበኛውና ባለቤቱ





ዛሬ ሱረቱል ከህፍን የቀራ ሰው ሁለት ግንባታ አይቶ አልፏል። አብዛኞቻችን የዋሻውን ወጣቶች እናስባለን፣ ከደጃል ፈተና ጥበቃ እንነይታለን፤ ግንበኞቹን ግን ልብ አንላቸውም። አንደኛው ግንባታ ኸድር (ዐ.ሰ) ሊወድቅ ያዘነበለውን ግድግዳ ያቀኑበት ነው። ሁለተኛው ዙልቀርነይን በሁለት ተራሮች መካከል የሠራው ግድብ ነው። በመጀመሪያው ላይ ሙሳ (ዐ.ሰ) ለተሠራው ሥራ ዋጋ መቀበል ይቻል እንደነበር ያነሳሉ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ አሠሪዎቹ ራሳቸው ዋጋ ይዘው ይቀርባሉ። በየሳምንቱ ልንቀራው በሚወደድልን ሱራ ውስጥ የግንበኛና የአሠሪ ጉዳይ አለ ማለት ነው።

የዛሬው ማስታወሻዬ በዚሁ ላይ ነው። ያነሳሳኝም ከጥቂት ወራት በፊት ሐይቅ ከተማ ላይ የገባሁበት ሽምግልና ነው። ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁ ግን አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እህታችን ሳዑዲ ናት። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ሐይቅ ላይ ትንሽ ቦታ አለቻት። ሕልሟ ሰፊ አይደለም፤ ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን፣ በብሎኬት፣ እናቷን የምታስቀምጥበትና አንድ ቀን እሷም የምትመለስበት ቤት። እሷ ገንዘብ ትልካለች፣ ታናሽ ወንድሟ ያሠራል፣ ከአምባሰል በኩል የመጡ አንድ ጎልማሳ ግንበኛ ይሠራሉ። ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። ሲጀመር ቢስሚላህ ተብሎ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቀብድ ተሰጥቶ፣ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

ግድግዳው ከመስኮት በላይ ደረሰና ቆመ። ክረምት ገባ። ፌሮው ከየኮለኑ አናት ላይ ወጥቶ ዛገ፤ ዝናቡ ያልተከደነውን ብሎኬት ይመታው ጀመር። ልጁ “ግንበኛው ገንዘቡን በልቶ ደሴ ሌላ ሥራ ይዟል” ይላል። ግንበኛው “የሦስተኛው ዙር ክፍያ አልደረሰኝም፣ ሳሎኑን በአንድ ሜትር አስፋው ተብዬ አስፍቻለሁ፣ ያልነበረ መስኮት ጨምሬያለሁ፣ የዛሬ ዋጋና ያኔ የተነጋገርንበት ዋጋ አንድ አይደለም” ይላሉ። እህት ደግሞ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ሌሊት እየደወለች “ቆርቆሮው ተመታ?” ብላ ትጠይቃለች።

ከዐስር ሶላት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቅሁት “ውላችሁን አሳዩኝ” ብዬ ነው። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው የሚያስታውሱትን እንዲናገሩ አደረግን። ሁለቱም “በእጅ ዋጋ ነው የተነጋገርነው” አሉ። እዚህ ላይ ይስማማሉ። የእጅ ዋጋው እስከ ምን ድረስ ነው? ግንበኛው “ቆርቆሮ እስከሚመታ” አሉ። ልጁ “ልስኑን ጨምሮ” አለ። መወጣጫውን ማን ያቀርባል? ውኃ የሚያመላልሰውን ቀን ሠራተኛ ማን ይከፍላል? አንዱ “እሱ”፣ ሌላው “እርሳቸው”። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቡና ላይ፣ በሁለት ልብ ውስጥ ሁለት የተለያየ ውል ነው የተዋዋሉት።

የዚህ አገር ልጅ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል። ከሐይቅ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። እዚያው አጠገብ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ኢጣልያን ቢፈልጉ ሊጠቀሙባት እንደሚችሉ ይናገር ነበር። በጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። አንዱ ወገን “ይቻላል” ብሎ ፈረመ፣ ሌላው “የግድ” ብሎ ያዘው። ነገሩ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ በደም ተቋጨ። እዚያ ማታለል ነበረበት፤ እኛ በረንዳ ላይ ያየነው አለመግባባት ነው። ሁለቱም የሚያስተምሩን ግን አንድ ነገር ነው፦ ውል ማለት ሁለት ሰው አንድ ነገር ማለቱ ሳይሆን አንድ ነገር መረዳቱ ነው።

መጻፍ አለመተማመን አይደለም

ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የትኛው ነው? ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ሐጅም አይደለም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ነው፤ የሚናገረውም እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይን ዕዳ ስለመጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍን እንዳንሰለች ያዛል። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ይህ ለምስክርነት የሚያጸና፣ ከጥርጣሬም የሚያርቅ ነው። አላህ ይህን የተናገረው ለሌቦች አይደለም፤ ለአማኞች ነው። ሱሐቦች እርስ በርስ ከእኛ በላይ ይተማመኑ ነበር።

እኛ ግን “በሙስሊምና በሙስሊም መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?” እንላለን። ወረቀት ያነሳን ሰው እንደ ተጠራጣሪ እናየዋለን። በኋላ ሲጣላ ግን ያው ሰው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ይህን አይተው ነው።

ስለዚህ ቤት ልታሠራ ወይም ልትሠራ ስትነሳ ቢያንስ እነዚህን ጻፍ፦

1. ሥራው ከየት ተነስቶ የት ላይ ያበቃል? መሠረት ቁፋሮው፣ ግንቡ፣ ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱ፣ ልስኑ፣ ቀለሙ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ።
2. የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው? ከነዕቃው ከሆነ የብሎኬቱ ዓይነት፣ የፌሮው ውፍረት፣ የቆርቆሮው ጌጅ ይጻፍ።
3. መወጣጫ፣ ውኃ፣ ጥበቃና ቀን ሠራተኛ የማን ናቸው?
4. ክፍያው በስንት ዙር፣ የትኛው ሥራ ሲያልቅ? በቀን ሳይሆን በደረጃ ቢሆን ይሻላል፤ መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ግድግዳው ሲያልቅ ይህን ያህል።
5. መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ ዋልካ ሆኖ ጠለቅ ማለት ቢያስፈልግ ተጨማሪውን ማን ይከፍላል?
6. ለውጥ ሲጠየቅ እንዴት ይጸድቃል? ካልተስማማን ማን ይዳኘናል?

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ። ማንበብ የማይችል ግንበኛ ካለ ጮክ ብሎ ይነበብለት፤ የሚያምነው ሰውም ያንብብለት። ያልገባውን ነገር ያስፈረምከው ሰው ፊርማው በእጅህ ነው፣ ሐቁ ግን በአንገትህ ላይ ነው።

ዑለማዎቻችን ምን አሉ?

ብዙ ወጣቶች “ይህ የዱንያ ጉዳይ ነው” ይላሉ። ፊቅህ ግን ወደ ግንባታ ቦታው ከገባ ቆይቷል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2003 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ ባደረገው 14ኛ ጉባኤ የግንባታ ውልን ለብቻው ተመልክቶታል። ዕቃውም ሥራውም የግንበኛው ከሆነ ውሉ ኢስቲስናዕ ነው፣ ማለትም አሠርቶ መግዛት። ግንበኛው ሥራውን ብቻ የሚያቀርብ ከሆነ ኢጃራ ነው፣ የሥራ ቅጥር። የእኛ “የእጅ ዋጋ” የምንለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሳሎኑን በአንድ ሜትር ስለማስፋቱስ? ባለቤቱ ለውጥ ጠይቆ ዋጋ ሳይነጋገሩ ከተሠራ ግንበኛው ለዚያ ሥራ የሚገባውን፣ በአካባቢው የሚከፈለውን ዋጋ ያገኛል። ግንበኛው ማንም ሳያዘው፣ ሳይስማሙ ከራሱ ቢጨምር ግን ከተቆረጠው ዋጋ በላይ መጠየቅ አይችልም። ይህን ስናነብላቸው ግንበኛው “እንግዲያው የሳሎኑ ይከፈለኝ፣ መስኮቱን ግን ሳላማክር ነው ያወጣሁት፣ ብርሃን ይኑረው ብዬ ነው” አሉ። እውነት ተናገሩ። የመስኮቱን ተዉት።

የዋጋ ጭማሪስ? ይህ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጣላበት ነው። ጦርነቱ በ2014 በሐይቅና በውጫሌ ሲያልፍ ያየነው አለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚገባው ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መነሻው ግልጽ ነው፤ የተቆረጠ ዋጋ ተቆርጧል፣ የተለመደው የገበያ መውጣትና መውረድ ውልን አያፈርስም። ግንበኛም ነጋዴም ትንሽ መጨመር ይኖራል ብሎ ነው የሚቆርጠው። ነገር ግን በመካ የሚሰበሰበው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉባኤ በትክክል ይህን ተመልክቷል። ሕንጻ ሊሠራ የተዋዋለ ሰው ማንም ያልጠበቀው ነገር፣ ለምሳሌ ጦርነት ተነስቶ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ቢሰቀልበትና ውሉን መፈጸም ከባድ ኪሳራ ውስጥ የሚከተው ከሆነ፣ ጥፋቱም የእርሱ ካልሆነ፣ ኪሳራው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ዳኛ በፍትሕ ሊያስተካክለው ይችላል። ስለዚህ “ውል ውል ነው” ብሎ ሰውን ማክሰርም፣ “ዋጋ ጨምሯል” እያሉ በየሳምንቱ እጅ መዘርጋትም ሁለቱም መንገድ አይደሉም።

ስለ ቅጣትም አንድ ነገር ልጨምር። ግንበኛ ያለ በቂ ምክንያት ቢዘገይ ይህን ያህል ይቀነስበታል ብሎ መዋዋል ይቻላል። ባለቤቱ ክፍያ ቢያዘገይ በየቀኑ ይህን ያህል ይጨመርበታል ማለት ግን አይቻልም፤ በዕዳ ላይ በጊዜ የሚጨመር ነገር ወለድ ነው። ይኸው አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። “ታዲያ ባለቤቱ ነጻ ወጣ?” እንዳትሉ፤ የእርሱ ቅጣት ከዚህ የከበደ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ከልስኑ ሥር ያለው

አሁን ለግንበኛ ወንድሞቼ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ሥሩ ርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እርጥቡን ከላይ አድርገህ ሰው እንዲያየው ለምን አላደረግህም አሉት፤ ከዚያም የሚያታልል ከእኛ ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐዲሱ ሙስሊም ዘግበውታል።

ቤት ከሥር ርጥብ እንደሆነው ክምር ነው። ባለቤቱ የሚያየው ልስኑንና ቀለሙን ነው። ኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ፣ እስታፋው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደታሰረ፣ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ስንት ሳጥን አሸዋና ጠጠር እንደገባ የምታውቁት እናንተና አላህ ናችሁ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ውኃውን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ግንበኛ ለዓይን ያማረ፣ ለውስጥ የደከመ ኮለን ትቶ ሄዷል። ማንም አያይበትም። ቤቱ ግን የሰው እናት የምትተኛበት ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን ዝም አላለውም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንጻው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። የሕግ ዋስትና 10 ዓመት ነው፤ በአላህ ዘንድ ያለው ግን ይርጋ የለውም።

ወደ ሱረቱል ከህፍ እንመለስ። እነዚያ ሰዎች ዙልቀርነይንን ክፍያ እንስጥህና በእኛና በየእጁጅና መእጁጅ መካከል ግድብ ሥራልን አሉት። እርሱ ክፍያውን አልወሰደም፤ ጌታዬ የሰጠኝ ይበልጣል ብሎ በጉልበት እንዲያግዙት ጠየቀ። የብረት ቁርጥራጭ አምጡ አለ፣ በሁለቱ ተራሮች መካከል እስኪስተካከል ሞላው፣ እሳት አነደደበት፣ የቀለጠ መዳብ አፈሰሰበት። የተፍሲር ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር ያስተውላሉ። እነርሱ የጠየቁት “ሰድ” ነው፤ እርሱ ቃል የገባላቸው “ረድም” ነው። ረድም ከሰድ የጠነከረና የተደራረበ ነው። ከተጠየቀው በላይ አደረገ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅም “እኔ ነኝ የሠራሁት” አላለም፤ ይህ ከጌታዬ የሆነ ራሕመት ነው አለ።

እናንተ በነጻ ሥሩ አላልኳችሁም፤ ልጆች አሏችሁ። ግን ከተስማማችሁበት በታች አትሥሩ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ከላይ ጨምሩ፤ ከሄዳችሁ በኋላ ባለቤቱ ሲያገኘው ዱዓ የሚያደርግላችሁ አንድ ነገር።

ላቡ ሳይደርቅ

አሁን ለአሠሪዎች። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ ደግሞ አላህ በቂያማ ቀን ራሱ ባላጋራቸው የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ለሙሉ ከወሰደ በኋላ ዋጋውን ያልሰጠ ነው። ሰው ባላጋራ ሲሆንብህ ጠበቃ ትቀጥራለህ፤ አላህ ባላጋራ ሲሆንብህ ማንን ትቀጥራለህ? ቅድም ከባድ ቅጣት ያልኳችሁ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ብቻ መምከር ቀላል ነው። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ላይ ለእናቴ ማድቤት አሠራሁ። የእንጨትና የጭቃ ቤት ናት። ጭቃውን በጭድ አቡክቶ የመረገልኝ የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ነበር። ሦስት ቀን ሠራ። በመጨረሻው ቀን “ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና” አልኩት። በማግስቱ እኔ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። ረሳሁት ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልረሳሁትም፣ ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ነው። ስመለስ ልጁ ወደ ጅቡቲ ሄዷል አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድሙን ውጫሌ ገበያ ላይ አገኘሁትና ነገሩን ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለኝ። “ሦስት ጊዜ እደጃችሁ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። እናትህን ሲያይ ‘ልጇ ተማሪ ነው፣ እማማን አላሳፍራቸውም’ ይል ነበር” አለኝ። ገንዘቡን ጨምሬ በወንድሙ በኩል ላክሁለት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ልጁም ዐፍው ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ያቺን ማድቤት ባየሁ ቁጥር ግን የሚታየኝ ደጃፉ ድረስ መጥቶ የሚመለስ ልጅ ነው።

ዋሻ ውስጥ ድንጋይ የተዘጋባቸውን የሦስቱን ሰዎች ሐዲስ አስታውሱ። አንደኛው ዱዓ ያደረገው በሠራተኛ ደመወዝ ነው። ሠራተኛው ዋጋውን ሳይወስድ ሄደ፤ አሠሪው በገንዘቡ ነገደለት፣ ግመልና ላም በግ ሆኖ በዛ፤ ሰውየው ከዘመናት በኋላ ሲመጣ ሁሉንም ሰጠው። በዚያ ሥራው ተማጽኖ ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። እርሱ የሰው ዋጋ ዘግይቶበት አራባው፤ እኔ ዘግይቶብኝ ዝም አልኩት። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ክፍያን መያዝ ሁልጊዜ ገንዘብ በማጣት አይደለም። አንዳንዱ ግንበኛው እንዳይሄድበት ሆን ብሎ ይይዛል። አንዳንዱ በመጨረሻ እንከን እየፈለገ ይቆርጣል። እንከን ካለ በሙያተኛ ይታይ፣ ይጻፍ፣ የዚያ ብቻ ይያዝ። ያላከራከረው ይከፈል። መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱ በደል መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል።

ገንዘብህን ሳትቆጥርም አትጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) 35 ዓመት ገደማ ሳሉ ቁረይሾች ካዕባን እንደገና ሠሩ። ያን ጊዜ ሙሽሪኮች ነበሩ፤ ሆኖም በዝሙት፣ በወለድ ወይም በሰው በደል የመጣ ገንዘብ አይገባበትም ብለው ተስማሙ። ንጹሑ ገንዘብ አነሳቸው። ምን አደረጉ? ቤቱን አሳጠሩት። ዛሬ ሒጅር የምንለው ግማሽ ክብ አጥር ከውጭ የቀረው በዚህ ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዓኢሻ (ረ.ዐ) የወጪው ማነስ እንደሆነ ነግረዋታል። የአላህን ቤት እንኳ ገንዘብ ሲያንሳቸው አሳጠሩት፤ እኛ የራሳችንን ሳሎን በግንበኛ ዕዳ እናሰፋለን።

(በነገራችን ላይ በዚያ ሥራ ላይ ባቁም የሚባል ባለሙያ እንደነበረ የሲራ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ መሠራቱን አይቶ ክሬስዌል የተባለው የሕንጻ ታሪክ አጥኚ ይህ የአክሱም አሠራር ነው፣ ባቁምም ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የአጥኚ ግምት ነው፤ ግንበኛ ለሆናችሁ ወንድሞቼ ግን ደስ ይላችኋል ብዬ ነው።)

መሐል ላይ ያለው ሰው

የሐይቁን ነገር አልጨረስኩም። ሽማግሌዎቹ የተከፈለውን በየቀኑ ቁጠሩ አሉ። ልጁ ከእህቱ የመጣውን ሐዋላ፣ ግንበኛው የተቀበሉትን ቆጠሩ። አልገጠመም። እንደገና ተቆጠረ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በለሆሳስ ተናገረ፦ የሦስተኛውን ዙር ባጃጅ ለመግዛት ቀብድ ከፍሎበታል። “ሠርቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው” አለ። ባጃጁም አልተገኘም፣ ቀብዱም አልተመለሰም። “ግንበኛው በላ” የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰው ይህን ለመሸፈን ነው። እኚያ ሰው ለወራት ስማቸው ሲነሳ ሌባ ተብለዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የእህት ወይም የወንድም ገንዘብ በእጃችሁ ነው። በፊቅህ ወኪል ናችሁ፤ ገንዘቡ አማና ነው። ወኪል ከታዘዘው ውጭ አንድ ብር ማዞር አይችልም፤ “እመልሰዋለሁ” የሚለው ኒያ ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ያቺ እህት የላከችው ብር አይደለም፤ ዕድሜዋን ነው የላከችው። ደረሰኝ ያዙ፣ ፎቶ አንሱ፣ በየደረጃው ላኩላት። እህቶችም “ወንድሜን አልቆጣጠርም” አትበሉ፤ ሒሳብ መጠየቅ ወንድምን ከፈተና መጠበቅ ነው።

እዚያው በረንዳ ላይ ስልክ ተደወለ። ልጁ ራሱ ነገራት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ “ስለዚህ ስንት ዓመት ቀረኝ ማለት ነው?”

ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ሽምግልናው እንዲህ ተቋጨ። ሌላ ግንበኛ መጥቶ ሥራውን ለካ። የተሠራው በቁጥር ተያዘ፤ የሳሎኑ ጭማሪ በአካባቢው ዋጋ ታሰበ። አንድ ኮለን ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ ግንበኛው በራሳቸው ወጪ አፍርሰው ሊሠሩት ተስማሙ። ልጁ ግንበኛው የተሰደቡበት ቦታ ሁሉ እየሄደ፣ ሻይ ቤቱም መስጂዱም ድረስ፣ “እኔ ነኝ የዋሸሁት” ብሎ እንዲናገር ተወሰነ። የወሰደውንም በየወሩ ሊከፍል ፈረመ። ቀሪው ሥራ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጻፈ። ግንበኛው ሲፈርሙ “ይህን ወረቀት መጀመሪያ ብንጽፈው ኖሮ ይህ ልጅ ባልፈተነ ነበር” አሉ። በደል የደረሰባቸው ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት።

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮው ተመታ። እህት አሁንም እዚያው ናት።

ኸድር (ዐ.ሰ) ያቀኑት ግድግዳ ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ነበረበት። አባታቸው ደግ ሰው ስለነበር አላህ ግድግዳው እስኪያድጉ እንዲቆም ፈለገ። እኛም የምንሠራው ወይም የምናሠራው እያንዳንዱ ግድግዳ ከሥሩ የሆነ ሰው ሐቅ አለበት፤ የግንበኛው ላብ፣ የላኪዋ ዕድሜ፣ የእናት ተስፋ። ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ያልከፈላችሁት ሠራተኛ ካለ ደውሉለት። ያበላሻችሁት ሥራ ካለ ለባለቤቱ ንገሩት። ያልጻፋችሁት ውል ካለ ወረቀት አውጡ።

አላህ ሆይ፣ በእጃችን ያለውን የሰው ሐቅ ሳንመልስ አትውሰደን። የግንበኞቻችንን እጅ ባርክ፣ ከመወጣጫ ላይ ከመውደቅ ጠብቃቸው። በሰው አገር የሚለፉትን እህቶቻችንን በሰላም ለቤታቸው አብቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።